የበዓሉ ገበያ፣ የሠራተኛው ድካምና የምክር ቤቱ ጥያቄ

እነሆ የሃምሳ አምስቱ ቀን ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ትንሣኤ ለማክበር በቅተናል። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዕንቁላሉና ድፎ ዳቦው በየቤቱ በሚሰናዳበት በዚህ ሰሞን የቤተሰቡ ዋና ጭውውት ስለ ገበያ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ዘይት በሸማቾች ማኅበር ተገኘ ወይስ አልተገኘም? ስኳሩስ የት ገባ? የሚሉት ጥያቄዎች ከጓዳ ተነሥተው እስከ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚደርሱ ናቸው። በዚህ የበዓል ገጻችን የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች ስለ አቅርቦት እጥረት፣ ስለ ሠራተኛ ጉዳይና ከቢሮ ውጭ ስለሚከናወን ሥራ ሊያነሡ የሚገባቸውን ጥያቄዎች ለመመልከት ወደድን።

ጉዳዩ ለምእመናን እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ከተነሡት ቅሬታዎች አንዱ የዕለት ምግብ ሲታደል አንዳንድ መበለቶች ተዘነጉ የሚል ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ዐመፅ አልቆጠሩትም፤ ሕዝቡን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡና ለሥራው እንዲሾሙ አደረጉ። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከዚህ የምንማረው የእህል ዕደላን መጠየቅ ከመንፈሳዊ ሕይወት ውጭ እንዳልሆነና ጠያቂም ተጠያቂም ሊኖር እንደሚገባ ነው።

በሀገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ የሕግ አስፈጻሚውን አሠራርም የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ይህ ሥልጣን በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚውለው በቋሚ ኮሚቴዎች አማካይነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው 6ኛው ምክር ቤት የአቅርቦት ጉዳይ ለንግድና ቱሪዝም ጉዳዮች፣ የሠራተኛው ጉዳይ ደግሞ ለሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተመድቧል። ይሁንና በጓዳ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። እጥረት በገበያ ሲከሠት ፍርዱ የሚወድቀው በደመወዝተኛው መሶብ ላይ ነውና።

ስለ አቅርቦት ስንናገር አስቀድመን ልናስተውለው የሚገባን በዓሉ ድንገተኛ አለመሆኑን ነው። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ቀመር የመጪዎቹን ዘመናት አጽዋማትና በዓላት ቀድመው ያሰላሉ። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። በጾሙ ወራት የቅቤ፣ የዕንቁላልና የሥጋ ፍላጎት እንደሚቀንስ፣ የዘይትና የጥራጥሬ እንደሚጨምር፣ በዋዜማው ሳምንት ደግሞ ነገሩ በአንድ ጊዜ እንደሚገለበጥ የሾላ ገበያ ቅቤ ነጋዴም የካራ ከብት ነጋዴም ያውቀዋል። እንግዲህ ነጋዴው የሚያውቀውን የመንግሥት ዕቅድ ሳያውቀው ቀርቶ «በበዓሉ ምክንያት እጥረት ተፈጠረ» ቢባል በቂ መልስ ሊሆን አይችልም። ጻድቁ ዮሴፍ በግብፅ የተመሰገነው በረሀቡ ዓመት ስለ ደከመ ብቻ ሳይሆን በጥጋቡ ዘመን ጎተራውን ስለ ሞላ ነው።

በእርግጥ ከአቅም በላይ የሆኑ ምክንያቶች አሉ። ሀገራችን የባሕር በር የሌላት በመሆኗ ከውጭ የምታስገባው ሸቀጥ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። ዘይትና ስኳር በከፊል የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የምንዛሪ እጥረትና የዋጋ ለውጥ በቀጥታ ወደ ችርቻሮው ይተላለፋል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ዘይት፣ ስኳር፣ ስንዴ፣ ሩዝና የሕፃናት ወተት ያለ ውጭ ምንዛሪ ክፍያ ፈቃድ በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገቡ የፈቀደው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ሆኖም ምክንያቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የተገኘው ሸቀጥ ለማን እንደደረሰ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። በሪፖርት ላይ «ተሰራጨ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሸቀጡ ከመጋዘን መውጣቱን ነው። ከመጋዘን ወደ ሸማቾች ማኅበር፣ ከማኅበሩም ወደ አባወራውና እማወራዋ ቤት ያለው መንገድ ገና ይቀራል። ስለዚህ የኮሚቴው ጥያቄ «ስንት ኩንታል ወጣ?» ከሚለው አልፎ «በስንት ቀን፣ በምን ዋጋ፣ ለስንት ቤተሰብ ደረሰ?» ወደሚለው ሊዘልቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሠራተኛው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ደመወዝ የሚከፈልባቸው የሕዝብ በዓላት እንዲኖሯቸው ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ ሠራተኛም ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ እንዲከፈለው፣ ሥራው የትርፍ ሰዓት ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። እኛ ስንፈስክ ሆስፒታሉ፣ የመብራት ኃይሉ፣ አውቶቡሱና የሆቴሉ ማድ ቤት ሥራ አያቋርጡም። በእነዚህ ቦታዎች የሚውሉት ወገኖች ሕጉ ያዘዘላቸውን ያገኙ እንደሆነ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። አዋጁ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም የወለሉን መጠን ራሱ አልቆረጠም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ከአዋጁ መውጣት በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሞ አንሥቷል። የገበያ ዋጋ በየበዓሉ ሲወጣ ወለል የሌለው ደመወዝ ምን ያህል እንደሚገዛ ማስላት ለማንም አያዳግትም።

ሦስተኛው፣ ከቢሮ ውጭ የሚሠራ ሥራ፣ በብዙዎች ዘንድ እንደ አዲስ ይታያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ መደረጉ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓልም ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን መከታተላቸው አይዘነጋም። ነገር ግን በቤት ሆኖ መሥራት ለእኛ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። ለበዓሉ የምንለብሰውን ጥበብ የሠራው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድሩን የሚያደራው፣ ጥጡን የፈተለችው እናትም እንዝርቷን የምታሾረው በቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችንም ሠራተኛው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ስፍራ ለደመወዝ የሚሠራበትን ውል «የቤት ውስጥ ሥራ ውል» ብሎ ያውቀዋል። አሠሪው ጥሬ ዕቃውን ሸጦ ምርቱን መልሶ የሚገዛ ቢሆንም እንኳ ግንኙነቱን ከሥራ ውል አያወጣውም። ስለዚህ ኮሚቴው በኢንተርኔት ስለሚሠራው ወጣት ሲጠይቅ፣ በመብራትና በኔትወርክ መቋረጥ የባከነው ሰዓት በማን ላይ እንደሚቆጠር መጠየቁ መልካም ሆኖ፣ ሸማኔውን ግን ሊረሳው አይገባም።

ከዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ራሳችን ቤት ይመለሳል። የዶሮውን ሽንኩርት ከሌሊት ጀምራ የምትከትፈው የቤት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156 አትሸፈንም። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከተፈጻሚነቱ አውጥቶ፣ የሥራው ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በመሆኑም ለእርሷ የስምንት ሰዓቱ ገደብም ሆነ የበዓሉ እጥፍ ክፍያ በአዋጁ አልተጠበቀላትም። ይህ ለቋሚ ኮሚቴው ትልቅ ጥያቄ ነው። ለክርስቲያን ቤተሰብ ግን ደንብ እስኪወጣ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም። የሠራተኛውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈል የሚለው ትእዛዝ በኦሪት ተሰጥቷል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የታገደ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስጠንቅቋል። ለበዓሉ ወደ እናቷ እንድትሄድ መፍቀድ፣ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ መሶብ እንድትፈስክ ማድረግ፣ ደመወዟንም ሳያጓድሉ መስጠት በእጃችን ያለ ነው።

እንግዲህ ምክር ቤቱ ሲጠይቅ በበዓል ዋዜማ ሳይሆን ጾሙ ሳይገባ ቢጠይቅ፣ መልሱንም በወጣ ኩንታል ሳይሆን በደረሰበት ቤት ቢለካ፣ የገበያውንና የሠራተኛውን ጉዳይ ለየብቻ ሳይሆን በአንድነት ቢመረምር ሥራው ፍሬ ያፈራል። ባለሥልጣኑ በምክር ቤት፣ ነጋዴው በሚዛኑ፣ እኛም በማዕዳችን እንጠየቃለን። ያለው ለሌለው አካፍሎ፣ የደከመው ዐርፎ የሚውልበት በዓል ያድርግልን። ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!