ለጣራ ገዳም አገር የሚበጀው ፍሪጅ

ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ የጣራ ገዳም ጥንታዊ ደን ከነገዳሙ ከሰፈረበት ተራራ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው፣ ደቡብ ጎንደር በስም አንድ አገር ትባል እንጂ በአየር ጠባይዋ ብዙ መሆኗን ወዲያው ይረዳል። ከተራራው በታች እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ቀኑ የሚሞቅ፣ ሩዝና ሽንኩርት የሚበቅልበት ለም ምድር ነው፤ ደብረ ታቦር ግን በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርደውን ብርድ ትቀበላለች፤ ከእርሷም ወዲያ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በግርጌው ለሚኖረው ሁሉ ውርጩን ያካፍላል። እንዲህ ባለ አገር ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ቤተሰብ ፍሪጅ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ዋጋውንና መልኩን ብቻ ጠይቆ መመለሱ፣ ሻጩም ከዚያ የበለጠ አለመናገሩ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስከስር ልማድ ሆኖ ስለታየኝ፣ በተለይ ፍሪዘሩ ከታች ስለሆነው የፍሪጅ ዓይነት ጥቂት ቃል ለማቅረብ ወደድሁ። ሐሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ ፍሪጅ መመረጥ ያለበት በሚቀመጥበት አገር አየርና በሚያገለግለው ቤት ሥርዓት ነው፤ ይህንም ለገዢው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሻጩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

አስቀድሞ፣ አገሩ ራሱ ብርድ ሆኖ ሳለ ለደጋ ሰው ፍሪጅ ምን ያደርግለታል ለሚለው ክርክር መልስ መስጠት ያስፈልጋል። እናቶቻችን ሥጋውን ዘልዝለው ቋንጣ በማድረግ፣ ቅቤውንም በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥረው በማስቀመጥ ያቆዩልን ጥበብ ክብር የሚገባው ነው፤ ዛሬም ቢሆን የሚተካው የለም። ይሁን እንጂ ምግብን የሚያበላሹት ረቂቃን ነፍሳት ከ5 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በፍጥነት የሚራቡ ስለሆኑ፣ ለእኛ ብርድ መስሎ የሚሰማን የደብረ ታቦር ቤት አየር ለእነርሱ የተመቸ መኖሪያ ነው። ከዚህም በላይ የክርስቲያኑ ቤት ማዕድ በአጽዋማትና በፍስክ የተከፈለ በመሆኑ፣ ሥጋና ቅቤ በአንድ ወቅት ተትረፍርፎ ይመጣና በሌላው ወቅት ፈጽሞ አይነካም። በፋሲካ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ጥሎ ቅርጫ ሲከፋፈል፣ የአንድ ቤት ድርሻ በአንድ ቀን ተበልቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ረቡዕና ዓርብ በማይጾሙበት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ በየጥቂቱ እየወጣ ቢበላ ግን ለቤተሰቡ በረከት ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀናትም፣ በፍልሰታም፣ በነቢያት ጾምም የምስሩና የጎመኑ ወጥ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁለትና ለሦስት ቀን እንዲያገለግል የምትፈልግ የቤት እመቤት ብዙ ናት።

ፍሪዘሩ ከታች የሆነው ፍሪጅ ለዚህ ሥርዓት እጅግ የተስማማ ነው ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ የሚከፈተው የወተቱ፣ የወጡና የአትክልቱ ክፍል በዓይንና በእጅ ትክክል ላይ ስለሚውል፣ እናት ወገቧን አጉብጣ አትፈልግም፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነካው የበረዶው ክፍል ደግሞ ከታች በመሳቢያ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ይልቅ ከባድ በመሆኑም መሳቢያው ሲሳብ ብርዱ ከላይ እንዳለ ባለ መዝጊያ ፍሪዘር በአንድ ጊዜ ፈስሶ አይወጣም። የፍስኩ ሥጋ ከታች፣ የጾሙ ወጥ ከላይ ሆኖ መለየቱም ለጾመኛ ቤት ኅሊናን የሚያሳርፍ ነው፤ የጥሬ ሥጋ ደም በበሰለ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ማድረጉም የንጽሕና ሕግ ነው። ጉድለቱንም ሳልደብቅ ልናገር፤ ይህ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ፍሪዘሩ ከላይ ከሆነው ይልቅ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ መሳቢያዎቹም ጠባብ ስለሆኑ የቅርጫውን ሥጋ እንደ መጣ አይቀበሉም፤ ለአንድ ድስት በሚበቃ መጠን ተቆራርጦና ተጠቅልሎ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ጄኮብ ፐርኪንስ በ1834 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ የፍሪጅ መሠረታዊ ብልሃት አልተለወጠም፤ በቱቦ ውስጥ የተዘጋው ጋዝ ሲተን ሙቀትን ከውስጥ ይወስዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆት ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ሙቀት በስተኋላ ወይም በጎን ወደ ቤቱ አየር ያስወጣዋል። ኮምፕሬሰሩ እንዲነሣና እንዲያርፍ የሚያዘው ቴርሞስታቱ ነው። በብዙ ርካሽ ፍሪጆች ላይ ይህ ቴርሞስታት አንድ ብቻ ሆኖ የሚለካውም የላይኛውን ክፍል ብርድ ነው። ስለዚህ ቤቱ በሌሊት ወደ 8 ወይም ወደ 9 ዲግሪ ሲወርድ፣ የላይኛው ክፍል ያለ ሥራ ቀዝቅዞ ስለሚያድር ቴርሞስታቱ ኮምፕሬሰሩን አያስነሣውም፤ ኮምፕሬሰሩ ካልሠራ ደግሞ የታችኛው ፍሪዘር ብርድ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም፤ በዚህም ምክንያት በብርድ አገር ውስጥ ሥጋው እያደር ይቀልጣል። ባለቤቱም ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ያዝናል፤ እውነቱ ግን መሣሪያው ለዚያ አገር ያልተሠራ መሆኑ ነው።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል ምልክት አለ። በፍሪጁ ውስጥ ወይም በስተጀርባው በተለጠፈው የመግለጫ ወረቀት ላይ የአየር ጠባይ ደረጃው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ «ኤስ ኤን» የተባለው የቤቱ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ለሆነበት፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ለሆነበት አገር የተሠራ ነው። እንግዲህ «ቲ» የተጻፈበት ፍሪጅ ለወረታ ሙቀት የሚመች ሊሆን ይችላል፤ ለደብረ ታቦርና ከዚያም ከፍ ላለችው ነፋስ መውጫ ግን ከ10 ዲግሪ የሚጀምረውን፣ ወይም «ኤስ ኤን» እና «ቲ» በአንድነት የተጻፉበትን መፈለግ ይገባል። ከዚህም ጋር ሁለቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የብርድ መቆጣጠሪያ ያላቸው፣ ወይም ለብርድ ወቅት የሚበራ ማብሪያ የተደረገላቸው ቢሆኑ የተሻለ ነው። የሌሊቱ ብርድ ከ10 ዲግሪም በታች ስለሚወርድ፣ ፍሪጁን በረንዳ ላይ ወይም ከቤት ተለይቶ በተሠራ ማድ ቤት ውስጥ ማቆም አይገባም፤ ሰው በሚኖርበትና ሌሊትም ሙቀቱ በሚቆይበት ክፍል ይቀመጥ።

አተካከሉም የራሱ ሥርዓት አለው። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ፍሪጅ ቆሞ ታስሮ መጓዝ አለበት፤ ግድ ሆኖ ተጋድሞ የመጣ እንደ ሆነ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ሳይሰካ ይቆይ። ወለሉ የተስተካከለ ይሁን፤ የፊት እግሮቹ በመጠኑ ከፍ ቢሉ በሩ በራሱ ክብደት ይዘጋል። በከፍታ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የመሸከም ኃይሉ ያነሰ ነው፤ በ2,700 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከኋላና ከጎን ቢያንስ አንድ ጋት የሚሆን ክፍት ቦታ መተው እዚህ ከሌላው አገር ይልቅ ያስፈልጋል። ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከቡና ከሰል መራቁም ግዴታ ነው፤ ዛሬ ብዙ ፍሪጆች የሚሞሉት አይሶቡቴን የተባለው ጋዝ ለአየር ንብረት የዋህ ቢሆንም በእሳት የሚነድ ነውና።

መብራታችን 220 ቮልት ቢሆንም ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ ሄዶም ድንገት መምጣቱ ኮምፕሬሰርን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው። መብራቱ እንደ ተመለሰ ወዲያው ኃይል የማይለቅ፣ ጥቂት ደቂቃ የሚያስጠብቅ ስታብላይዘር ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ የፍሪጁ ዋጋ አንድ ክፍል ተደርጎ ይታሰብ። ፍሪጁ ከመሬት ሽቦ ጋር በተያያዘ በራሱ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ከሦስት ሺሕ ዋት በላይ ከሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ማድረግ አደጋን መጥራት ነው። ከተሰካም በኋላ ባዶውን ቀዝቅዞ፣ ከላይ 4 ዲግሪ፣ ከታች ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ምግብ ይግባበት። መብራት ሲሄድ በሩን አለመክፈት ነው፤ የሞላ ፍሪዘር ተዘግቶ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ብርዱን ይጠብቃል፤ የላይኛው ክፍል ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይታመንም።

ብልሽት ሲመጣ ደግሞ በየከተማው የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ይህን ፍርድ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም፤ ጋዝ በታሸገ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወር ነው እንጂ እንደ ኩራዝ ጋዝ ነዶ የሚያልቅ አይደለም፤ ጎደለ ከተባለም የሚያፈስበት ቀዳዳ ተገኝቶ መደፈን አለበት፤ ያለዚያ የተሞላው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ከዚያ በፊት ባለቤቱ ራሱ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። ከላይኛው ክፍል ግርጌ፣ ከአትክልቱ መሳቢያ ሥር ውሃ ከተኛ፣ በጀርባው ግድግዳ ሥር ያለችው ትንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለችና ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ነገር ትጠረግ። የበሩ ጎማ መላላቱን ለማወቅ አንድ ወረቀት በበሩ መካከል ዘግቶ መሳብ ይበቃል፤ ሳይያዝ በቀላሉ ከወጣ ጎማው መታጠብ ወይም መለወጥ አለበት። በስተኋላ ያለው ቱቦ በአቧራ ከተሸፈነም ከሶኬቱ ነቅሎ መጥረግ ነው።

ፍሪዘሩ እየሠራ የላይኛው ክፍል የሞቀ እንደ ሆነ፣ በተለይ «ኖ ፍሮስት» በሚባለው ዓይነት፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ብርዱ የሚወለደው ከታች ስለሆነና ቀዝቃዛ አየር በራሱ ወደ ላይ ስለማይወጣ፣ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ትገፋዋለች፤ ማራገቢያዋ ስትቆም ወይም የአየሩ መተላለፊያ በበረዶ ሲዘጋ ላይኛው ክፍል ይሞቃል። ፍሪጁን ነቅሎ ሁለቱንም በር ከፍቶ አንድ ቀን ማሳደር በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ሕመም ከተመለሰ ግን በረዶ ማቅለጫው ወይም መቆጣጠሪያው ስለተበላሸ ለባለሙያ ይነገር። በረዶን በቢላዋ መፋቅ ቱቦውን በስቶ ከባድ ኪሣራ ሊያመጣ ይችላል፤ አይሶቡቴን ያለበትንም ቱቦ ጋዙን በሚገባ ሳያስወጡና ክፍሉን ሳያናፍሱ በእሳት መበየድ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ድፍረት ነው።

የባለሙያን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን እጅ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲወድቁ አብዛኞቹ ባለሙያዎች አገሪቱን ለቀው ወጡ፤ ጥበቡም በአገሩ ልጅ እጅ ሥር ሳይሰድድ ቀረ። ዕቃን ከውጭ ማስመጣት ብቻውን ጥበብን እንደማያስመጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም። ስለዚህ አስመጪዎችና ነጋዴዎች ከእያንዳንዱ ፍሪጅ ጋር የአየር ጠባይ ደረጃውን፣ የጋዙን ዓይነትና የአተካከሉን ሥርዓት የሚገልጽ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲሰጡ፣ የንግድ ቢሮዎችም ይህን እንዲያስገድዱ፣ የዞኑ የሙያ ማሠልጠኛዎችም በሚነድ ጋዝ የሚሠሩ ፍሪጆችን በጥንቃቄ የሚጠግኑ ወጣቶችን እንዲያወጡ አጥብቄ እለምናለሁ። ገዢውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የመግለጫውን ወረቀት አንብቡልኝ ይበል፤ ወረቀቱን ለማሳየት የማይፈቅድ ሻጭ ያጋጠመው እንደ ሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።