ከቲኬቱ በፊት ሰነዱን ይመልከቱ

በባህረ ሰላጤው ሀገራት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ ሀገር ቤት ለመሄድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቲኬት ዋጋ ነው። ከዚያ ሻንጣ ይገዛል፣ ለቤተሰብ ስጦታ ይሰበስባል። የጉዞ ሰነዱን የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ቲኬት ይቀየራል፤ በማይመለስበት ሰነድ የወጣ ሰው ግን ሥራውንም መኖሪያውንም ሊያጣ ይችላል።

ስህተቱ የሚጀምረው ሁሉንም ወረቀት “መታወቂያ” ብሎ በአንድ ዓይን ከማየት ነው። ፓስፖርት የየት ሀገር ዜጋ እንደሆኑ ይናገራል። የመኖሪያ ፈቃድ የት መኖር እንደተፈቀደልዎ፣ ቪዛ ደግሞ የት መግባት እንደሚችሉ ያሳያል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

የባህረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት 6 አባል ሀገራት ዜጎች በብሔራዊ መታወቂያቸው ብቻ ከአንዱ ሀገር ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ይህ መብት ግን የዜጎች እንጂ የነዋሪዎች አይደለም። ዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በመኪና ወደ ኦማን ቢሄድ ፓስፖርቱንና ኦማን የምትጠይቀውን የመግቢያ ፈቃድ መያዝ አለበት። ፋይዳም ቢሆን በሀገር ቤት ማንነትን ማረጋገጫ እንጂ ድንበር መሻገሪያ አይደለም።

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከሚያዝያ 2022 ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ በፓስፖርት ላይ መለጠፉ ቀርቶ የኤምሬትስ መታወቂያው የነዋሪነት ማስረጃ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ካርዱ ብቻውን በቂ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ ካርዱ የሚሠራው ከፓስፖርቱ ጋር ነው። አዲስ ፓስፖርት ካወጡም ከመጓዝዎ በፊት አዲሱን ቁጥር በመኖሪያ ፈቃድ መዝገብዎ ላይ ያስተካክሉ። አሮጌውንም አይጣሉት።

የፓስፖርቱን ቀንም ይቁጠሩ። ብዙ ሀገራት ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ። ያላለቀ ፓስፖርት ሁሉ ያስጉዛል ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሊሴ ፓሴ ነው። ይህ ሰነድ ፓስፖርት ለሌለው ወይም ለጠፋበት ዜጋ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ነው። የሚያገለግለው ለአንድ ጉዞ ሲሆን አቅጣጫውም ወደ ሀገር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ አረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በ2017ቱ የሳዑዲ የምሕረት አዋጅም እንዲሁ ብዙዎች ወደ ሀገራቸው ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊሴ ፓሴ ባለውለታ ነው፤ ፓስፖርት የሌለውን ሰው ከእስርና ከእንግልት ያወጣል።

ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ላለውና ፓስፖርቱ ለጠፋበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሊሴ ፓሴ ወደ ሀገር ቤት ያደርሳል እንጂ ወደ ሥራ አይመልስም። እዚያ እንደደረሱ አዲስ ፓስፖርት ማውጣት ይጠበቅብዎታል። በኤምሬትስ ነዋሪ ከ6 ወር በላይ ውጭ ከቆየ በአብዛኛው ፈቃዱ ይሰረዛል፤ በሳዑዲም የመመለሻ ቪዛው ቀን ይቆጥራል። ስለዚህ ጊዜ ካለ ለፖሊስ አመልክቶ ማስረጃ መያዝ፣ ምትክ ፓስፖርት መጠየቅና መጠበቅ ይሻላል። እናት ታመመች ተብሎ ሲደወል ማንም ሳምንታት እንደማይጠብቅ እናውቃለን። ያኔም ቢሆን ዋጋውን አውቆ፣ የመመለሻውን መንገድ ከአሠሪና ከኢሚግሬሽን ጠይቆ መውጣት ሳያውቁ ከመውጣት ይለያል።

በሳዑዲ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የምትወጡበትን የቪዛ ዓይነት ለዩ። “ኹሩጅ ዐውዳ” ወጥቶ መመለሻ ነው፤ “ኹሩጅ ኒሃኢ” ግን የመጨረሻ መውጫ በመሆኑ ኢቃማውን ይዘጋል። በአረብኛ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብ ሰው ሳታስነብቡ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አትሂዱ።

ይህ ሁሉ ምክር ግን ፓስፖርቱ በእጁ ለሌለ ሰው ትርጉም የለውም። ሰነዱ በአሠሪ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበት ሠራተኛ ምን ይመርጣል? ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ2015ቱ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። በዚያው ዓመት የወጣው የኳታር ሕግም የመኖሪያ ፈቃዱ ከተጠናቀቀ በኋላ ፓስፖርቱ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዛል፤ ሊቀመጥ የሚችለው ሠራተኛው በጽሑፍ ከጠየቀ ነው። ሕጉ ካለ የቀረው መፈጸሙ ነው። አሠሪዎች “እንዳይጠፋባት ነው የያዝኩላት” የሚለውን ምክንያት ይተዉት። ዲፕሎማቲክ ሚሲዮኖቻችንም ምትክ ፓስፖርት የሚሰጡበትን ጊዜ ያሳጥሩ። ሰው ሊሴ ፓሴን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ፓስፖርቱ ስለሚዘገይበት ነው።

የሌላ ሀገር ዜግነት ለያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም አንድ ቃል እናክል። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ኢትዮጵያ ያስገባችኋል፤ ግን ከፓስፖርታችሁ ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። ልጆችም የራሳቸው ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል፤ የልደት የምስክር ወረቀት ድንበር አያሻግርም።

እንግዲህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት 3 ነገር ይጠይቁ። ይህ ሰነድ ከዚህ ያስወጣኛል? ወደምሄድበት ያስገባኛል? ወደ ሥራዬስ ይመልሰኛል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲዘነጋ ነው። የፓስፖርትዎንና የመኖሪያ ፈቃድዎን ፎቶ ዛሬውኑ በስልክዎ ያስቀምጡ፣ ለሚያምኑት ሰውም ይላኩ፤ የሚያበቁበትንም ቀን ይጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።