የቤት ዕቃ አያያዝ፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ በሥራ መካከል ሲቆም



በበዓል ቀን በብዙ ቤት የሚታይ ነገር አለ። ከቅዳሴ በኋላ እንግዶች ይሰበሰባሉ፤ የቤቱም እመቤት ወጡን በየሳሕኑ እያደረገች በማይክሮዌቭ ምድጃ ታሞቃለች። ብዙ ሳሕን ካለፈ በኋላ ምድጃው በድንገት ይቆማል፤ ጥቂት ቈይቶ ሲበርድ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እንደ ገና ይሠራል። ያን ጊዜ አንዱ ተነሥቶ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ አውጥቶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ነው» ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር ቤትን እስከ ማቃጠል የሚያደርስ ስለ ሆነ፤ በዚህ ወር ስለ ሙቀት ተቈጣጣሪው ሥራና ጕድለቱ ስለሚታወቅበት መንገድ እንጽፋለን።

ምግቡን የሚያሞቀው ሞገድ የሚመነጨው ማግኔትሮን ከተባለው ክፍል ነው። ማግኔትሮን የሚቀበለውን የኤሌክትሪክ ኀይል ሁሉ ወደ ሞገድ አይለውጠውም፤ ከፊሉ በራሱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህንንም ሙቀት ማራገቢያው አየር እየነፋ ያስወጣዋል። ማራገቢያው ቢደክም ወይም የአየሩ መውጫ ቢዘጋ ማግኔትሮኑ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ በማግኔትሮኑና በምድጃው ግድግዳ ላይ ሳንቲም የሚያህል ተቈጣጣሪ ይደረጋል፤ ስሙም ቴርሞስታት ነው። በውስጡ ሁለት ዐይነት ብረት አንድ ላይ ተጣብቋል። ሲግል አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ብረቱ ይታጠፍና የኤሌክትሪኩን መንገድ ይቈርጣል፤ ሲበርድም ተመልሶ ያገናኛል። አንዳንዱ ዐይነት ግን አንድ ጊዜ ከቈረጠ በራሱ አይመለስም።

በሞቃት አየር ዳቦ በሚጋግሩት ምድጃዎች ደግሞ ቴርሚስተር የሚባል ሌላ ተቈጣጣሪ አለ። ይህኛው መንገድ አይቈርጥም፤ የሙቀቱን መጠን ለምድጃው መቈጣጠሪያ ይናገራል እንጂ። ዳቦው በተለመደው ቍጥርና ሰዓት ተጋግሮ ሲያርር ወይም ጥሬ ሲሆን፤ ወይም በመስታወቱ ላይ በመመሪያው መጽሐፍ የሙቀት ተቈጣጣሪ ስሕተት ተብሎ የተጻፈው ምልክት ሲወጣ፤ ያን ጊዜ ቴርሚስተሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፤ ተቈጣጣሪው የተናገረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት? የሚለው ነው። ምድጃው ሲግል ቆሞ ሲበርድ የሚሠራ ከሆነ፤ ብዙውን ጊዜ ምስክሩ እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነው።

የቤቱ ባለቤት ሽፋኑን ሳይከፍት ሦስት ነገሮችን መመርመር ይችላል።

አንደኛ፤ ምድጃውን ከሶኬት ነቅሎ እስኪበርድ ድረስ ይተወው። ለጌጥ የተደረበበትን ዳንቴል ያንሣ፤ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንደ ሆነ መመሪያው በሚያዝዘው መጠን ያርቀው፤ የአየር መውጫዎቹን ከአቧራና ከቅባት ያጽዳ። በብዙ ቤት ሕመሙ በዚህ ብቻ ይድናል።

ሁለተኛ፤ ውሃ አስገብቶ ምድጃውን ያሠራው፤ ባዶውን ግን ከቶ አያሠራው። የማራገቢያውን ድምፅ ያዳምጥ፤ እጁንም ወደ አየሩ መውጫ ያቅርብ። ነፋሱ ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ፤ የታመመው ማራገቢያው ነው።

ሦስተኛ፤ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አስገብቶ በሙሉ ኀይል ለ1 ደቂቃ ያሙቀው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በቴርሞሜትር ይለካው። 700 ዋት የሆነ ምድጃ ውሃውን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ማድረግ አለበት። የመብራቱ ኀይል በደከመበት ሰዓት ውጤቱ ስለሚያንስ፤ መብራቱ በበረታበት ጊዜ ይሞከር። ውሃው በሚገባ እየሞቀ ዳቦው ብቻ ከተበላሸ፤ ማግኔትሮኑ ደኅና ስለ ሆነ ጥርጣሬው በመጋገሪያው ክፍልና በቴርሚስተሩ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የሚያልፈው ምርመራ የባለሙያ ነው። በምድጃው ውስጥ ካፓሲተር የሚባል የኤሌክትሪክ ማከማቻ አለ፤ ከ2,000 ቮልት በላይ የሚደርስ ኀይል ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልጆች ለማወቅ ጓጕተው ሽፋኑን እንዳይፈቱ፤ አባቶችም በካቻቢቴ እንዳይሞክሩት አጥብቀን እንመክራለን።

ባለሙያው በመጀመሪያ የተከማቸውን ኀይል ያስወግዳል። ከዚያም የተቈጣጣሪውን ሽቦ አላቅቆ በቴስተር ይለካል። ማግኔትሮኑን የሚጠብቀው ቴርሞስታት በበረደ ጊዜ መንገዱ ክፍት ስለ ሆነ መሣሪያው ወደ 0 ኦም የሚጠጋ ቍጥር ማሳየት ይገባዋል፤ በርዶ ሳለ መንገዱ የተቈረጠ ከሆነ ተበላሽቷል። የቴርሚስተሩ ኦም ግን ሙቀቱ በጨመረ መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። በፀጕር ማድረቂያ ሲሞቅ ቍጥሩ የማይነቃነቅ እንደ ሆነ መለወጥ ይገባል። አዲሱም ተቈጣጣሪ በአሮጌው ላይ የተጻፈው የሙቀት ቍጥር ያለው ይሁን።

ባለሙያው «ሴንሰር ለወጥሁ» ሲል፤ «ምድጃውስ ለምን ከልክ በላይ ጋለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ አገናኝቶ እንደ ሆነ አትቀበሉት። በዚያ ዕለት ምድጃው ያለ ማቋረጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ማራገቢያው በቆመ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ የለም፤ ማግኔትሮኑ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

በሐሰት መመስከር በዐሥርቱ ትእዛዛት የተከለከለ ነው፤ እውነተኛውን ምስክር አፉን መዝጋትም ከዚያ የማይሻል በደል ነው። በቤታችን ውስጥ «አደጋ አለ» ብሎ የሚያሳስበን፤ ዕቃም ቢሆን ሽማግሌ ወይም ሕፃን፤ ሥራችንን ስላቋረጠብን ብቻ አንቈጣው፤ ቃሉን ሰምተን ምክንያቱን እንመርምር።

እግዚአብሔር ቤታችንን ከእሳት አደጋ ይጠብቅልን።