የዕድራችን ሰሃንና የዩኒቨርሲቲያችን ማሽን



ባለፈው ዓመት አባቴ ባረፉ ጊዜ የሰፈራችን ዕድር እንደ ወጉ ድንኳን ተከለልን፤ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ ሰሃኑንና ብርጭቆውንም አቀረበልን። ድንኳኑ በተነሣ ዕለት የዕድሩ ንብረት ያዥ፣ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ናቸው፣ መዝገባቸውን ገልጠው ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሁለት ሰሃን ጎደለ። ሐዘን ላይ መሆኔን አይተው ይተዉታል ብዬ ዝም አልሁ። እርሳቸው ግን ቀና ብለው «ልጄ፣ የኔ ቢሆን ኖሮ በተውኩልህ ነበር፤ ግን የሁላችን ነው» አሉኝ። ከፈልሁ፤ ደረሰኝም ተቀበልሁ።

በሳምንቱ ወደ ሥራዬ ስመለስ ይህ ንግግር ከኅሊናዬ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱም በኪሴ ውስጥ አንድ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ የሚከፍተው ክፍል ውስጥ ያለው መሣሪያም የኔ አልነበረም፤ «የሁላችን» ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ከዓመታት በፊት በአንድ የምርምር ፕሮጀክት ገንዘብ አቶሚክ አብዞርብሽን ስፔክትሮሜትር የተባለ መሣሪያ ተገዛ። በውኃ፣ በአፈርና በምግብ ውስጥ ያለውን የእርሳስ፣ የካድሚየምና የመሳሰሉትን ብረቶች መጠን የሚለካ ነው። የፕሮጀክቱን ሐሳብ የጻፍሁት እኔ ስለ ነበርሁ በሞዴል 22 ፈርሜ ተረከብሁት፤ በስሜም ተመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ የማስተርስ ተማሪ መጥታ «ዶክተር፣ ለሁለት ቀን ብቻ ቢፈቅዱልኝ» አለችኝ። የምታጠናው በአቃቂ ወንዝ ውኃ እየለማ ገበያ የሚወጣውን ቆስጣና ጎመን ነበር። ይህ እኔም እናንተም የምንበላው ጎመን ነው።

አልፈቀድሁላትም። ልምድ ያለው ቴክኒሺያን የለም፣ ጋዙ አልቋል፣ የኛ ተማሪዎች ወረፋ ይዘዋል አልሁ። ሦስቱም ከፊል እውነት ነበሩ። ሙሉው እውነት ግን ፍርሃት ነው፤ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነበርሁ። ተማሪዋ ናሙናዋን በውድ ዋጋ ሌላ ቦታ አስመረመረች፤ ምርቃቷም በአንድ ዓመት ዘገየ። የኔ መሣሪያ ደግሞ በዚያ ዓመት ውስጥ የሠራው ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። የኔ ታሪክ የብዙ ባልደረቦቼ ታሪክ እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ ምክንያቱም የሰዎች ክፋት ብቻ እንዳልሆነ ስለ ተረዳሁ ነው። ሕጋችንና ልማዳችን ሲደመሩ የሚሉት እንዲህ ነው፦ በሥራ ላይ የተበላሸ መሣሪያ ያስጠይቃል፤ ቆሞ የዛገ መሣሪያ ግን ማንንም አያስጠይቅም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆልፋል።

ሁለተኛው ደዌ የዕቅድ ነው። የኛ ዕቅድ በግዢ ይጀምርና በግዢ ያበቃል። ከላይ የጠቀስሁት መሣሪያ ግን በተለምዶ ለእያንዳንዱ ብረት የራሱ መብራት ይሻል፤ እርሳስን የሚለካበት መብራት ካድሚየምን አይለካለትም። አሲቲሊን ጋዝ፣ አየር የሚያቀርብለት ኮምፕሬሰር፣ ጢሱን የሚስብ ማራገቢያ፣ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ፣ መለኪያውን የሚያስተካክሉበት ደረጃውን የጠበቀ ኬሚካል ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የጥገና ውል በየዓመቱ ከመግዣ ዋጋው አሥር በመቶ ገደማ መጠየቁ የተለመደ ነው። ይህ ወጪ በበጀታችን በየትኛው መስመር ተጽፏል? ሪባን የሚቆረጥለት ማሽን እንጂ የተቀየረ ላምባዲና ወይም የተሞላ ሲሊንደር አይደለም።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ሀብት ባነሳቸው 16 አገሮች የተመዘገቡ 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን መርምሮ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አመልክቷል። ጥናቱ የሆስፒታል እንጂ የዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ሆኖም ደዌው አንድ ነው።

«እኛ አበሾች የጋራ ነገር አይሆንልንም» የሚለውን የሰነፍ ፍርድ ግን አልቀበልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ብሔራዊ ሄርባሪየም ተመልከቱ። እዚያ እያንዳንዱ የደረቀ ዕፅ ማን፣ የትና መቼ እንደ ሰበሰበው ተጽፎበት፣ በሥርዓት ተደርድሮ ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ፕሮጀክት በዚህ ክምችት ላይ ቆሞ፣ በስዊድን ድጋፍ፣ መንግሥት ሲለዋወጥ ሳይቋረጥ፣ በ2009 በ8 ጥራዞች ተፈጸመ። ምስጢሩ መዝገብ፣ ባለሙያ ጠባቂና ክፍት በር ነው።

ዕድራችንም ያለው ይኸው ነው። የተቆጠረ ንብረት አለው፤ ስሙ የታወቀ ኃላፊ አለው፤ የሰበረ የሚከፍለው ካሳ ተጽፏል፤ መዋጮውም የጎደለውን ይተካል። ሰሃን ተሰብሯል ተብሎ ድንኳኑ ሐዘንተኛ አይከለከልም። ንብረት ያዡ የሚመሰገኑት ዕቃው ስላልነካ ሳይሆን ለሚገባው ሰው በጊዜው ስለ ደረሰ ነው። ዶክተሮችና ፕሮፌሰሮች የተሰበሰብንበት ተቋም የሰፈር ዕድር የደረሰበት ሊደርስ እንዴት ተሳነው?

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። በግቢው ያለ ከባድ መሣሪያ ሁሉ፣ የሚሠራውም የማይሠራውም፣ በአንድ መዝገብ ተጽፎ ለሁሉም ይገለጥ። መሣሪያው ከግለሰብ ስም ወጥቶ ወደ ጋራ ላቦራቶሪ ይዛወር። ቴክኒሺያኑ እንደ መምህሩ የደረጃ ዕድገት ያለው ባለሙያ ይሁን። የአገልግሎት ዋጋ ይወሰን፤ የተሰበሰበው ገንዘብም ሌላ ጉድጓድ ሳይገባ ለዚያው መሣሪያ ይዋል። ድኻ ተማሪ በዋጋው እንዳይገፋ ከምርምር በጀቱ ይደጎም። የመሣሪያው ኃላፊም በዓመቱ መጨረሻ «ስንት ሰዓት ሠራ? ስንት ሰው ተገለገለበት?» ተብሎ ይጠየቅ።

«ገንዘቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለምን ለሌላ?» የሚል ባልደረባ ይኖራል። ሐቅ አለው፤ ደክሞ ላመጣው ቅድሚያ ይገባዋል። ቅድሚያ ግን ርስት አይደለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት ማሽን በየበኩላቸው ገዝተው የሚቆልፉበት ዘመን አብቅቷል። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀዳሚነት ለገባበት መንገድ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ራስን ማስተዳደር የሚጀምረው የራስን ዕቃ ከመቁጠር ነው። ከላይ ነፃነት ጠይቀን ከታች እያንዳንዳችን የየክፍላችን ባላባት ከሆንን፣ የተለወጠው የቁልፉ ያዥ ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ መሣሪያው ከስሜ ወጥቶ ለጋራ አገልግሎት እንዲውል ደብዳቤ ጽፌአለሁ። መልሱ ከወር በኋላ መጣ፦ «የሚረከብ የሥራ መደብ ስለሌለ ባለበት ይቆይ» ይላል። ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። እስከዚያው ግን በሩ ላይ የወረፋ መዝገብ ሰቅያለሁ፤ ከየትኛውም ትምህርት ክፍል የመጣ ተማሪ ስሙን ይጻፍ፣ እከፍትለታለሁ። ቢሰበር እጠየቃለሁ። እስካሁን ያልተጠየቅሁበት ይበልጣልና።

ቸር ይግጠመን።