የሌሊት ላብ ሁሉ ቲቢ አይደለም

ኦሎምፒያ ላይ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሥራ የሚሮጠው አብዛኛው ሰው ወጣት ነው። እዚሁ ሰፈር ስውል የታዘብኩት ነገር አለ። ትኩሳት ሲይዘን «ምች ነው» እንላለን፤ አንገታችን ላይ እብጠት ሲወጣ «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» እንባባላለን። ፋርማሲ ጎራ ብለን ማስታገሻ እንገዛለን፣ አለቀ። ሁልጊዜ ግን አያልቅም።

የማወራው ስለ ሊምፎማ ነው፤ የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችንን ስለሚይዘው ካንሰር። ሆጅኪን የሚባለው ዓይነት ወጣቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች አንዱ ነው። በጊዜ ተደርሶበት በአግባቡ ከታከመ ደግሞ አብዛኛው ታማሚ ይድናል።

ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ እና ያለ ምክንያት መክሳት ሊመጡ ይችላሉ። ታዲያ ይሄ የቲቢ ምልክት አይደል? ነው! የሚያመሳስላቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩት ሜሴጅ በሏቸው። ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ የተባሉት «ጠላት ገብቷል» ሲሉ አንጎል የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትም ይጠፋል። ቲቢ ሲሆን ጠላቱ እውነትም ከውጭ የገባ ነው። በሊምፎማ ግን ካንሰሩ ራሱ ሜሴጅ እየላከ ጤነኛ ሴሎችን ይሰበስባል፤ እነሱም መልሰው ያሳድጉታል። በሆጅኪን እጢ ውስጥ የካንሰሩ ሴሎች ብዙ ጊዜ 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ሌላው ተጠርቶ የመጣ እድምተኛ ነው። ስለዚህ በቀጭን መርፌ የተቀዳ ጥቂት ናሙና ካንሰሩን ላያገኘው ይችላል።

አማርኛችንም ሁለቱን አልለያቸውም፤ ካንሰሩም ነቀርሳ፣ ቲቢውም የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን ቢጠረጥር አልፈርድም። የምቃወመው እጢው በደንብ ሳይመረመር የ6 ወር መድኃኒት ተጀምሮ፣ ለውጥ ሳይታይ ዝም መባሉን ነው።

«ምርመራው ውድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ መቆየቱን እናውቃለን። ግን በግምት የሚባክነው ወርም ዋጋ አለው፤ ያውም የማይመለስ።

እና ሳምንታት አልፈውት ያልጠፋ እብጠት ካለባችሁ ሐኪሙን «እጢው ወጥቶ ፓቶሎጂ ይታይልኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስቴሮይድ ደግሞ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። እብጠቱን ለጊዜው አሟሽሾ ምርመራውን ያሳስታል። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።