በመጻፍ ያለ ይወረሳል፤ በላፕቶፕ ያለስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶች መጻፍ ከመጀመሪያው ቃል ብዙ ቀድሞ የሚጀምር ሥራ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጸሐፊው በቅድሚያ ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፤ ብራናው ሲደርቅ በወስፌ እየወጋ መስመሩን ያበጃል፤ ጥቁሩን ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያዘጋጃል፤ መቃውን ቀርጾ ብርዕ ያደርጋል። ድርሰቱ የሚጀመረው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። ዝግጅቱ ለወግ ያህል የሚደረግ አልነበረም። በቅጡ ያልተፋቀ ብራና ቀለም አይዝም፤ በቅጡ ያልተበጠበጠ ቀለም ከልጅ ልጅ ዓይን አይደርስም። የመጽሐፉ ዕድሜ የሚወሰነው አንድ ፊደል ሳይጻፍ በፊት ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ብራናችን ላፕቶፕ ሆኗል። ከካርቶኑ አውጥተን፣ ፕላስቲኩን ልጠን፣ ክዳኑን ከፍተን የማብሪያውን ቁልፍ ስንነካ ማሽኑ ወዲያው ይጠይቀናል፤ ቋንቋህ ምንድን ነው? አገርህ የት ነው? የፊደል ገበታህ የቱ ነው? ስምህ ማን ነው? የይለፍ ቃልህስ? አብዛኞቻችን ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ «ቀጥል፣ ቀጥል» የሚል ነው። ወደ ሙዚቃው፣ ወደ ፊልሙ፣ ወደ ኢንተርኔቱ ለመድረስ እንቸኩላለን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቀላል ነው። ሥነ ጽሑፍን ለሚወድ ሰው፣ በተለይም በአማርኛ ለሚጽፍ፣ ያቺ የመጀመሪያ ሰዓት የብራና መፋቂያ ሰዓት ናት። በእርስዋ ውስጥ የምንሰጣቸው መልሶች ከዚያ በኋላ የምንጽፈው ነገር መወረስ አለመወረሱን ይወስናሉ።

ከፊደሉ እንጀምር። የአማርኛ ፊደል 33 ሆኖ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር፤ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። የጽሕፈት መኪናው ዘመን ችግሩን የፈታው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለያይቶ፣ በወረቀቱ ላይ እየገጣጠመ ነው። ውበቱ የጎደለ ቢሆንም የታተመው እንደ ታተመ ይቀራል፤ የዛሬ ልጅ የአያቱን ደብዳቤ አንሥቶ ሊያነብበው ይችላል።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። የያኔው አሠራር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ግማሹ ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ለማሽኑ ትእዛዞች የተያዘ ነው። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች በብልሃት የእኛን ፊደል በላቲኑ ቤት አስገብተው አሳደሩት። ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ጋዜጦቻችንና መጽሔቶቻችን በዚያ ፍጥነት ወደ ኮምፒዩተር ባልተሻገሩ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ አምራች ፊደሉን የደረደረው በየራሱ ሥርዓት ስለ ነበር ሰው «ሰላም» ብሎ የሚያነበውን ማሽኑ የሚያውቀው በላቲን ፊደላትና በልዩ ልዩ ምልክቶች ክምር ነው። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይታያል፤ ፎንቱ ከጠፋ ግን ገጹ ማንም ሊያነብበው የማይችል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተጻፉ ስንት ግጥሞች፣ ስንት ልብ ወለዶች በየዲስኩ ተቀብረው እንዳሉ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ተጽፈዋል፤ ግን አልተወረሱም።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ለግዕዝ ፊደል ቦታ ሰጥቶ 345 ምልክቶችን እያንዳንዳቸውን በማይለወጥ ቁጥር መዘገባቸው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በቶኪዮም፣ በዋሽንግተንም፣ በጎንደርም ያው አንድ «ሀ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛን የፊደል ገበታ ይዞ መጣ። ዛሬ አዲስ የሚገዛ ላፕቶፕ የግዕዝን ፊደል ለማሳየት የማንንም እርዳታ አይፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከቅንብሮች ውስጥ የቋንቋን ክፍል ከፍቶ አማርኛን መጨመር ነው። ዊንዶውስ ከሆነ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍና ረጅሙን የክፍተት ቁልፍ አብሮ በመጫን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መሻገር ይቻላል። በዚህ ያልረካ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ኪይማንን ይጫን፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። የአጻጻፉ ዘዴ ለመልመድ አይከብድም፤ ተነባቢውን ብቻ ሲነኩ ሳድሱ ይወጣል፣ አናባቢውን ሲያስከትሉ ፊደሉ ወደ ቤቱ ይገባል። መሥራቱን ለመፈተን «ሠርግ፣ ኀዘን፣ ፀሐይ፣ ዓለም፣ ቋንቋ፣ ጓዳ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። እነዚህን ስድስት ቃላት ያለ ስሕተት የጻፈ ሰው ላፕቶፑ ለድርሰት ደርሷል ሊል ይችላል።

«በላቲን ፊደል ብጽፈውስ ምን ይጎድላል? አንባቢው እንደሁ ይገባዋል» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ለአጭር መልእክት ይሁን እንበል። ለግጥም ግን አይሆንም። ብዙዎች በላቲን ሲጽፉ «ቀ»ንና «ከ»ን፣ «ጠ»ንና «ተ»ን በአንድ ፊደል ያስኬዷቸዋል። በዚህ አጻጻፍ «ቀበረ» እና «ከበረ» መንታ ይሆናሉ፤ «ጠፋ» እና «ተፋ» አይለዩም። ሰምና ወርቅን ያህል ረቂቅ ጥበብ በቃላት መመሳሰልና መለያየት ላይ ላቆመ ሕዝብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ባለቅኔው አስቦ ያመሳሰለውና ማሽኑ ሳያስብ ያመሳሰለው በምን ይለያል?

ሁለተኛው ሥራ አሮጌውን ጓዝ ማሻገር ነው። ከቀድሞው ኮምፒዩተር የመጡ ፋይሎች ካሉ፣ በዱሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉትን ለይቶ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግሉ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። አሮጌው ማሽንና አሮጌው ፎንት በሕይወት ሳሉ ቢደረግ ይመረጣል፤ የተቀየረውን ከቀድሞው ጋር እያስተያዩ ማረም የሚቻለው ያን ጊዜ ነውና። «ነገ እቀይረዋለሁ» የተባለ ፋይል፣ ዛሬ አሮጌው ላፕቶፕ ለዘመድ ልጅ ሲሰጥ አብሮ ይሄዳል፤ ልጁም ለጨዋታ ቦታ ሲፈልግ ያጠፋዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ለአንዳንዶች ጥቃቅን ይመስላል፤ ለእኔ ግን የማሽኑን ጠባይ ከማወቅ የሚቆጠር ነው። አራት ነጥብ በዩኒኮድ አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰል ግን በየገጹ የሚታይ ልማድ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የማይተዋወቁ ባዕዳን ናቸው። የቃላት አጻጻፍም እንደዚሁ ነው። «ፀሐይ»ን በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ መካከለኛውን ድምፅ ደግሞ በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ብንጽፈው አሥራ ሁለት መልክ ይወጣዋል። ሰው አሥራ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ተራው የፍለጋ ሳጥን ግን አሥራ ሁለት ቃላት አድርጎ ይቆጥራል። ፊደላቱ ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ በሚለው የቆየ ክርክር ውስጥ ለመግባት አይደለም። የትኛውንም ወገን ብንይዝ፣ በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዱን መርጦ መጽናት ከወግ አጥባቂነት አልፎ የጻፉትን መልሶ የማግኘት ጉዳይ ሆኗል ለማለት ነው።

የማጥበቅና የማላላቱም ነገር አለ። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁትን ፊደላት በላያቸው ነጥብ እያሳረፉ ለይተው ነበር። ብዙ ተከታይ አላገኙም፤ ማተሚያ ቤቱና የጽሕፈት መኪናውም የሚያበረታቱ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዩኒኮድ ለማጥበቂያ ምልክት የራሱን ቦታ ሰጠ። ታላቁ ደራሲ በድካም ያደረጉትን ዛሬ ማንኛውም ላፕቶፕ በቁልፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። መሣሪያው ደርሶልናል፤ የቀረው የእኛ ፈቃድ ነው።

አራተኛው፣ ቅጂ ነው። አንድ ፊደላችን በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ 3 ባይት ይወስዳል። 300 ሺሕ ፊደል ያለው ልብ ወለድ እንግዲህ 900 ሺሕ ባይት ገደማ ነው፤ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ እንዲህ ያሉ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ መጻሕፍት በ1 ጊጋባይት ውስጥ ይተኛሉ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አስቀምጦ መቆየት ምን ይባላል? ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ቡና ይደፋበታል፤ መብራት ሲቆራረጥና ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃው ይጎዳል። የባለሙያዎቹ ደንብ አጭር ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ደንቡ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ 9 ሺሕ ገደማ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ድረስ ተቀምጧል። ለብራና የታሰበው ለላፕቶፕ ግጥም የማይታሰብበት ምክንያት የለም። ፍላሽ ዲስኩ አንድ፣ የኢንተርኔቱ ማከማቻ አንድ ይሁን፤ የተወደደውን ሥራ ደግሞ በወረቀት ማተም ነው፤ ወረቀት የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

የይለፍ ቃል ካልን ወደ መጨረሻውና ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስን። በዛሬዎቹ ላፕቶፖች በብዙዎቹ ላይ ማከማቻው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በራሱ ይመሰጠራል። ሌባ ቢወስደው የውስጡን አያነብም፤ መልካም ነው። ግን ባለቤቱ አንድ ቀን ቢሞትስ? መዝገቡን የሚከፍት፣ በዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ልጆቹ የሚወርሱት የሚያብረቀርቅ ክዳን ብቻ ነው። ዱሮ ደራሲ ሲሞት ቤተሰቡ ሣጥኑን ከፍቶ የእጅ ጽሑፉን ያገኝ ነበር፤ ከሞት በኋላ የታተሙ ሥራዎች የወጡት ከእንዲህ ያለ ሣጥን ነው። አሁን ሣጥኑ ራሱ ቁልፍ ሰውሮ ይዟል። ስለዚህ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ከቤቱ ካርታና ከጋብቻው ወረቀት ጋር ማስቀመጥና ለአንድ የታመነ ሰው መንገር ይገባል። ይህን ማድረግ ሟርት አይደለም፤ ኑዛዜ ነው።

ውድ አንባብያን፣ «እኔ በእስክሪብቶና በደብተር እጽፋለሁ፤ ይህ ሁሉ ምኔ ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ደብተሩንም አከብራለሁ። ነገር ግን ደብተሩ መታተም ሲፈልግ በአንድ ቀን አንድ ሰው በላፕቶፕ መልቀሙ አይቀርም። ያ ሰው አራት ነጥቡን እንዴት እንደሚመታ፣ ፋይሉን የት እንደሚያኖር የሚወስነው እናንተ በሌላችሁበት ነው። «ይህስ የባለሙያዎች ሥራ ነው» ለምትሉም፣ ባለሙያው ማሽኑን ያውቃል እንጂ የትኛው ግጥም ሊጠፋ እንደማይገባው አያውቅም። ብራናውን የፋቀው ራሱ ጸሐፊው የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እነዚህ ሁሉ ተደማምረው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቢሆኑ ነው። ሙዚቃውም ፊልሙም እስከ ማታ ይጠብቃል። አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁ፣ ወይም ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ፣ ገና ካርቶኑ ሳይጣል አማርኛውን አስገቡ፤ አሮጌውን አሻግሩ፤ ቅጂውን አኑሩ፤ ቁልፉን አደራ ስጡ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ገጽ ክፈቱና ጻፉ።

ቸር ይግጠመን።