ካሣ ያልቀደመው እርቅ

ከቅርብ ዘመን ወዲህ በካናዳ መንግሥት አንደበት እንደ «እርቅ» የተዘወተረ ቃል ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በምክር ቤት ቆመው፣ ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለ ታጎሩት 150,000 ያህል የነባር ሕዝቦች ልጆች ይቅርታ ጠየቁ። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑም በ2015 ድርጊቱን የባህል ዘር ማጥፋት ብሎ ሰይሞ 94 የተግባር ጥሪዎችን አቀረበ። የተባለው ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በሽምግልና ሥርዓት ያደገ ሰው አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ ካሣው የት አለ? በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ቢወድቅም፣ የነጠቀውን መሬት እያረሰ «ማሩኝ» ቢል የሚሰማው ሽማግሌ አይገኝም። እርግጥ ከትምህርት ቤቶቹ ለተረፉት ገንዘብ ተከፍሏል። የጠቡ ሥር ግን መሬት ነው።

ለኪነ ጥበብ ሰው ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በአንድ ችሎት ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚኖሩት የጊትክሳንና የወትሱወተን ሕዝቦች አለቆች፣ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ምድር ርስታችን ነው ሲሉ መንግሥትን ከሰሱ። ማስረጃቸው የቃል ታሪክና ዜማ ነበር። የጊትክሳኗ አለቃ ሜሪ ጆንሰን የቤታቸውን ጥንታዊ ሙሾ በችሎት ሊያዜሙ ሲነሡ፣ ዳኛው አለን ማኬከርን ጆሯቸው ለዜማ የተፈጠረ እንዳልሆነ ገልጸው ተቃወሙ። ሙሾው ግን ተዜመ። 374 ቀናት የፈጀው ችሎት በ1991 ክሱን ውድቅ አደረገ። ለዳኛው ተራ ድምፅ የሆነው ሙሾ ለባለቤቶቹ የርስት ሰነድ ነው፤ ቤቱ ከየት እንደ መጣ፣ በየትኛው ምድር ምን እንደ ደረሰበት ይመሰክራል። ትውልድ እየተቆጠረ ርስት ይሟገቱበት በነበረ አገር ይህን መረዳት አያስቸግርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ለቃል ታሪክ ተገቢው ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ወስኖ ነገሩ እንደ ገና እንዲታይ አዘዘ። እንደ ገና የታየበት ችሎት ግን አልነበረም።

ጆሮ መንሳት የአንድ ዳኛ ጠባይ ብቻ አልነበረም። ፖትላች፣ ማለትም አለቆች ግብር አብልተው፣ ሀብታቸውን ለእንግዶች አከፋፍለው፣ በጭፈራና በጭምብል ስምና ማዕረጋቸውን የሚያጸኑበት በዓል፣ ከ1885 እስከ 1951 በሕግ የተከለከለ ነበር። በማከፋፈል የሚከበር ሰው፣ በማጋበስ ለሚከበር ሥርዓት አስጊ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1921 ዳን ክራንመር ባደረገው ፖትላች ሳቢያ ሃያ ያህል ሰዎች ታሰሩ፤ ሌሎች ጭምብሎቻቸውን አስረክበው ከእስር ዳኑ። ዕቃው ወደ ኦታዋ፣ ወደ ቶሮንቶና ወደ ኒው ዮርክ ተበተነ። ከብዙ ሙግት በኋላ የኦታዋው ሙዚየም ድርሻውን ለመመለስ ሲስማማ፣ ባለቤቶቹ አስቀድመው ሙዚየም እንዲሠሩ ግዴታ ጣለባቸው። ቀማኛው ለተቀማው ቅድመ ሁኔታ አበጀለት ማለት ነው! እነርሱም በ1980 በአለርት ቤይ የከፈቱትን ማዕከል «ኡሚስታ» አሉት። ቃሉ ቀድሞ ተማርኮ ወደ አገሩ ለተመለሰ ሰው የሚነገር ነበር።

የዛሬዎቹ ባለሥልጣናት ጭምብሉን አይጠሉም። እንዲያውም የኢኑይት ሕዝብ የድንጋይ ምልክት የ2010 የቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ዓርማ ሆኗል። ፍቅሩ የሚያልቀው መሬት ሲነሣ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በኅዳር 2019 የነባር ሕዝቦችን መብት የተመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ የሚያስፈጽም ሕግ አወጣች። ሦስት ወር ሳይሞላ ፖሊስ የወትሱወተንን ምድር ወርሮ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ አናሳልፍም ያሉትን አሰረ።

«የተመረጡት ምክር ቤቶች ፈርመው የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ ፈርመዋል፤ ሥራና ገንዘብ ለቸገረው ሕዝብ መፈረማቸውም የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን እነዚህ ምክር ቤቶች የቆሙት ፖትላችን በከለከለው በዚያው የኢንዲያን ሕግ ነው። ሰፊው ምድር በሕዝቡ ልማድ የሚጠየቀው ከቤት አለቆቹ ነው፤ በ1997ቱ ፍርድም ባለ ጉዳዮቹ እነርሱ ነበሩ። ተከራካሪ አድርጎ ችሎት ካቆማቸው በኋላ፣ ለውል ሲሆን አላውቃቸውም ማለት የሕግ ሳይሆን የጥቅም ነገር ነው።

አይቻልም የሚለው ሰበብም ውኃ አይቋጥርም። በ2024 ያቺው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሃይዳ ሕዝብ በሃይዳ ጓይ ደሴቶች ሁሉ ያለውን የመሬት ባለቤትነት በድርድር አውቃ በሕግ አጽንታለች። በስምምነቱ የግል ይዞታዎች እንደ ነበሩ ጸኑ፤ ቤቱን ለቅቆ የወጣ ሰፋሪ የለም። በወትሱወተን ምድር ግን ከዚያ በፊት፣ በ2023፣ ቧንቧው ተዘርግቶ አልቆ ነበር።